ሰማንያ አምስት መዶሻ

ከኮምቦልቻ ስነሣ ጥርት ያለ ነበር ቀኑ፣
ሐረጎ ላይ ጉም ዋጠን፤ ኩርባዎቹ ጠፉ የት እንደሆኑ።
ጉልበቴ ላይ የመፍቻ ሣጥን፣ በፌስታል የተረገጠ ሱፍ፣
“ለሣጥኑም ሒሳብ አለው” ይላል ረዳቱ፣ እጅ ዘርግቶ፣ ከፍቶ አፍ።
ሠላሳ አንድ ዓመት በፋብሪካ የሽመና መኪና ጠጋኝ ነኝ፤
ፒያኖን ማን አስተማረህ ቢሉኝ፣ ሌላ ሰው መጥፋቱ ነው ያስተማረኝ።

እትዬ ትርንጎ ቤት፣ ከአራዳ በላይ፣ ቆርቆሮው ከዝናብ ጋር የሚያወራ፣
ፒያኖው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ እንደ ተቀነሰ ሰው ከሥራ።
ላዩ ላይ ቴሌቪዥን፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የተጣጠፈ ነጠላ፤
“ከጣልያኑ ዕዳ” አሉኝ፣ “አባቴ ብር ሲጠብቁ ይሄ መጣላቸው ኋላ።”

የፊቱን ሳንቃ አነሣሁት። ሽታው መጣ፦ አቧራ፣ አይጥ፣ አሮጌ ሙጫ፤
ሰማንያ አምስት መዶሻ ተደርድሮ፣ ግማሹ ተንጋዶ ከመቀመጫ።
ጠፍሮቹ በስብሰው ስነካቸው እንደ ደረቀ ቅጠል ረገፉ፤
ብል የበላው መዶሻ፣ ዝገት የያዘው ሞላ፣ ተራ በተራ አለፉ
ከእጄ ወደ ጋዜጣው፣ ከጋዜጣው ወደ ብሩሽ፤
ስማቸውን እንጃ፤ እኔ የምጠራቸው ገፊ፣ ተገፊ፣ ከልካይ፣ መላሽ።

ጣት ቁልፉን ይጫናል፤ እንጨት እንጨትን ይገፋል፤
መዶሻው ሽቦውን መትቶ ወዲያው ዞር ይላል፣ ያርፋል።
ዋናው ጥበብ መምታቱ አይደለም፤ ማንም ይመታል ባገሩ፤
ዋናው መልቀቁ ነው፣ ሽቦው ብቻውን እንዲቆይ በነገሩ።

ሱፉ የወረኢሉ በግ ነው፤ በርኖስ ሠሪው ጡሃ በእግሩ የረገጠው፤
“ለምኑ ነው?” ብሎኝ፣ “በግ ፒያኖ ሊመታ!” አለ ሣቁ እያመለጠው።
በምላጭ ቆርጬ፣ በሙጫ ለጥፌ፣ በክር አስሬ አሳደርኩት፣
የበሰበሰውን ጠፍር በፋብሪካው ጥብጣብ አንድ በአንድ ተካሁት።

በማግስቱ ቁልፎቹን ሳወጣ፦ ሁለት ብይ፣ የወታደር ኮት አዝራር፣
ባለ አሥር ሳንቲም፣ የእርሳስ ጉማጅ፣ አንድ የደረቀ በረሮ ከዳር።
ከየሰባቱ ነጭ አምስቱ የጣት ጎድጓዳ አበጅቷል፤
አራተኛውና ሰባተኛው ግን ትናንት የተገዛ ይመስላል።
አልጠየቅሁም፤ ትዝታ ቤቱ በአምስት በር ነው የሚገባ፣
ሁለቱ እንደ ዝግ ጓዳ ቀሩ፣ ማንም እግሩን ሳያስገባ።

ከመዶሻውና ከሽቦው መካከል ግን ጨርቅ ነበር፣ ከዳር እስከ ዳር፣
የግራጫ ብርድ ልብስ ቁራጭ፣ የተመታ በሚስማር።
አይጥ ያመጣው አይደለም፤ የተለካ ነው፣ በእጅ የተሠራ፣
መዶሻው ሄዶ እንዲያንኳኳው፣ ሽቦው ግን ምንም እንዳያወራ።

“ይሄን ላውጣው?” አልኳቸው። ዝም አሉ። ክኒናቸውን ቆጠሩ።
“ወንድሜ ነው የሰፋው” አሉ፣ “ሰዓት እላፊ የነበረ ጊዜ፣ በሩ
ሲንኳኳ የሚያስፈራ ጊዜ። ማታ ማታ በጨለማ፣ ጣቴን ይዞ ሲያስጠናኝ፤
ድምፁን አላውቀውም እኮ፤ እንጨቱ ኳ ኳ ሲል፣ ዜማው በልቤ ነው የሚሰማኝ።”
“እሱስ የት አለ?” አላልኩም። የዚያ ዘመን ሰው ነኝና እኔም፣
የትኛው ጥያቄ በር ላይ እንደሚቀር አላጣሁትም።

ጨርቁን ፈታሁ። ሚስማሮቹ እያጉረመረሙ ወጡ፤ አሥራ አንድ ነበሩ።
አጣጥፈው ከመድኃኒቱ ካርቶን ከተቱት፣ ከነአቧራው፣ ከነክሩ።
ሽቦዎቹን በመቃኛ ስስብ አንዱ ተበጠሰ፤ ጉንጬን ለጥቂት ሳተው፤
ያለኝን ተካሁበት፤ ድምፁ ያኮርፋል፣ ጎረቤቱን እስኪለምድ ምን ላድርገው።

አሥር ሰዓት ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሲደፍነው፣
“ይሞክሩት” አልኳቸው። ቁጭ አሉ። ያሳረፉት አንድ ጣት ብቻ ነው።
ድምፁ ወጣ፣ ሙሉውን፤ መደርደሪያው ላይ ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ፤
የእሳቸው ዓይን ግን ወደ በሩ ነው ያፈጠጠ።

ማንም አልመጣም። ባጃጅ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ።
ጣታቸው ተነሥቶ፣ ሲያመነታ ቆይቶ፣ ማንም ካልነካው ቁልፍ አረፈ፤
“ይሄስ ምን ነበር የሚለው?” አሉ። እኔ ሣጥኔን መቆለፍ ተውኩ፤
የኮምቦልቻ የመጨረሻው ሚኒባስ ሲያልፍ ሰማሁ፤ አልተነሣሁም፣ ተቀመጥኩ።